አስተካክለህ ላክ

በ2007 ክረምት ናዝራዊት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሠፈር፣ ወላጆቿ ቤት ተቀምጣ ሥራ ስታፈላልግ፣ ስልኳ ላይ የጫነችው የቀን መቁጠሪያ ስሕተት እንዳለበት አየች። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነውና ጳጉሜን ስድስት ቀን ይሆናል፤ መቁጠሪያው ግን ከአምስት ዘሎ መስከረም ይገባል። የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ስለነበር የፈለገ ሰው ያርመዋል። እርማቱን መርምሮ የሚያስገባው ግን ፕሮግራሙን የጀመረው ሰው፣ ዮኤል የሚባል ነው።

ሠርታ ላከች። መልሱ በማግስቱ መጣ።

«ጥሩ ሞክረሃል ወንድሜ። ግን ያለፉትን ዓመታት አበላሸሃቸው። አስተካክለህ ላክ።»

ናዝራዊት መጀመሪያ ተናደደች፤ ከዚያ ሳቀች። ስሟን አሳጥራ «ናዝ» ብላ ስለጻፈች ወንድ መስላው ነው። እሷም አላረመችውም፤ «አስተካክያለሁ» ብላ ብቻ መለሰች።

እንዲህ ተጀመረ። እርማት ስትልክ አስተያየት ይልካል፤ ከአስተያየቱ ግርጌ ደግሞ ጨዋታ ይጨምራል። አንድ ቀን፣ «እዚህ ሊሙ ገነት ዝናቡ ጉድ ነው፤ ያንተ ቀልድ ባይኖር ቀኑ በምን ይመሽልኝ ነበር!» ብሎ ሲጽፍላት ልቧ ድንግጥ አለ። ውጭ አገር ያለ ሰው መስሏት ነበር፤ ለካ ጎረቤቷ ኖሯል!

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ጳጉሜን ገባች፤ የላከችው እርማት ግን የሚያየው አጣ። ቢቸግራት ሥራዋን በፍላሽ ገልብጣ ወደ ሊሙ ገነት በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች።

«ዮኤልን ነው? የስልክ ጠጋኙን?» አለቻት መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሶረቲ። «ኮቱ፣ ነይ ላሳይሽ። መብረቅ የኔትወርኩን ማማ ከመታው ወዲህ እኮ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለንም።»

ሶረቲ ባሳየቻት ሱቅ ውስጥ አንድ ቀጭን ወጣት የተፈታታ ስልክ ላይ አጎንብሷል።

«ናዝ ነኝ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ከኋላዋ ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስል በሩን አየ፤ መልሶ አያት። መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሴት መሆኔን ካወቅህ ስሕተቴን የምታልፍልኝ መሰለኝ።»

ፍላሹን ዘረጋችለት።  ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። መስመር በመስመር ሲያነብ እሷ የምታየው ፊቱን ነበር። አሁን አይቶ እንዳላየ ቢያልፍላትስ? የፈራችው ይህንኑ ነበር።

«አልቀበልም» አለ ዮኤል፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ። «ይቺ መስመር አሁንም ልክ አይደለችም። አስተካክዪ።»

ናዝራዊት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱም ሳቀና ወንበር ስቦ አጠገቡ ቦታ ሰጣት። ጎን ለጎን ሆነው አረሙት። ኔትወርክ ፍለጋ አብረው ጅማ ድረስ ወርደው ላኩት። መንገዱን ሙሉ ያወሩት ግን ስለ ኮድ አልነበረም።

በጥር ዮኤል የላካቸው ሽማግሌዎች ሰቶ ሰመሮ መጡ።

«ለመሆኑ ልጄን የት አያት?» ሲሉ ጠየቁ አባቷ አቶ ለይኩን።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ አቶ ደሬሳ፣ መለሱ።

«እሱ እንደሚለን ከሆነ፣ መልኳን ሳያይ ነው። ሥራዋን አይቶ ወደዳት።»

 አቶ ለይኩን ወደ ጓዳው ዞረው፣ «ናዝራዊት!» አሉ፤ «ነይ ልጄ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።»

ከናዝራዊት ቀድሞ ግን የእናቷ እልልታ ወጣ።