ላሜራው ላይ የወጣው እጅ

ያላመነ ይተወው... እኔ ግን የምጽፍላችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ጨለማ የለበትም፤ መቃብርም የለበትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ ላሜራ በማሽን ተጭኖ ቅርጽ ከሚይዝበት ከፕሬሱ አዳራሽ በላይ ባለችው የዲዛይን ክፍል።

ሥራዬ የላሜራ ሣጥን ክዳን በኮምፒውተር መንደፍ ነው። ያስቀጠረኝ አጎቴ ነው፤ እታች ፕሬሱን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። "ለእህቴ ልጅ ዋሱ እኔ ነኝ" ብሎ አለቃችንን ለምኖልኛል። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ክዳን አበላሽቼ አንገቴን ደፍቻለሁ። አንድ ስህተት ብጨምር የምንባረረው ሁለታችንም ነበርን።

በፕሮግራሙ ላሜራ ለማሰርጎድ መጀመሪያ የሚጫነውን ቅርጽ ትሠራላችሁ። ከዚያ ላሜራው ላይ ትጫኑታላችሁ። የጫነው ነገር ከሌለ ስርጉድ የለም።

ያን ቀን ግን ክዳኑ መሃል ላይ ስርጉድ አየሁ...

አምስት ጣት ያለው።

የጫነውን ቅርጽ ፈለግኩ። የለም።

አጠፋሁት። ተመልሶ መጣ... ጠለቅ ብሎ።

ሰው መጥራት ነበረብኝ። አፈርኩ። "ይሄ ልጅ ዛሬም አበላሸ" እንዳይሉኝ "ደብቅ" የሚለውን ተጫንኩ። መደበቅ ማጥፋት እንዳልሆነ ጀማሪም ያውቃል። ክዳኑ ስክሪኑ ላይ ልሙጥ ሆነ፤ ላክሁት።

በማግስቱ በንድፌ የተቀረጸው ሞልድ፣ ላሜራውን የሚጫነው ብረት፣ ፕሬሱ ላይ ታሰረ። እሱም ልሙጥ ነበር። እፎይ አልኩ።

"ልጄ፣ ሥራህ ንጹህ ነው?" አለኝ አጎቴ ቀስ ብሎ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ንጹህ ነው ጋሼ" አልኩት።

ፕሬሱ ወረደ... ተነሳ።

ላሜራው ላይ እጅ ነበር።

"ዲዛይነራችን ፈርሞልናል!" አለ አንዱ የብየዳ ሠራተኛ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አለቃችን ግን አልሳቀም። "የማን ሥራ ነው?" አለ፣ እኔን እያየ።



"የኔ ነው ጌታዬ" አለ አጎቴ። "ጓንቴን ፕሬሱ ሥር ረስቼው ነው። ይኸው፣ ልኬ ነው።" ባዶ እጁን ስርጉዱ ውስጥ ከተተው። ልክክ አለ።

አለቃችን እያጉረመረመ ሄደ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጎቴ ግን እጁን አላነሳም።

"ጋሼ... ተወው በቃ፣ ሄዷል።"

"ልጄ..." አለኝ በሹክሹክታ። "አልወጣ አለኝ።"

ጎንበስ ብዬ ላሜራውን ከሥር አየሁት። ስርጉዱ በዚያ በኩል የብረት እጅ ሆኖ ወጥቷል። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ።

"ጋሼ፣ አትጨብጥ!"

"እኔ አይደለሁም..."

"ጥፋቱ የኔ ነው! ትናንት አይቼዋለሁ!" ብዬ የጮህኩት ያን ጊዜ ነው። ማሽኖቹ ይጮሃሉ፤ ዘወር ያለ ሰው የለም።

መጀመሪያ ትንሿ የብረት ጣት፣ የአጎቴን ጣት ውስጧ እንደያዘች፣ ታጠፈች... ቀስ ብላ። ከዚያ አጠገቧ ያለችው።