አጥር የተሻገረው የሥር መረብ

ዶክተር ኤርጎጌ ጠዋት ጠዋት እንሰቶቹን ታዳምጣለች። «የሥር ጆሮ» የሚሉትን ቀጭን ዘንግ አፈር ውስጥ ሰክታ ጫፉን ጆሮዋ ላይ ስትለጥፍ፣ ከመሬት በታች ውሃና ምግብ ከተክል ወደ ተክል ሲፈስ ይሰማታል። ፍሰቱን የሚያመላልሰው «የሥር መረብ» ነው፤ እሷና ባልደረባዋ ጡሞሮ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያዳበሩት፣ ከፀጉር የቀጠነ ሕያው ሻጋታ። የአንዱን እንሰት ሥር ከሌላው ጋር ያስተሳስራል፤ ከተረፈው ወስዶ ለጎደለው ያካፍላል። መረቡ ከተዘረጋ ወዲህ፣ ከሆሳዕና በላይ ባለው የምርምር ጣቢያ ዓመታት ይፈጅ የነበረው እንሰት በግማሽ ጊዜ ይደርስ ጀምሯል።

የዚያን ዕለት ግን ድምፁ ተለውጦ ነበር። ዙሪያውን ይሽከረከር የነበረው ፍሰት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል።

ኤርጎጌ ዘንጉን እየነቀለች እየተከለች ተከተለችው። በየመስመሩ ቅጠሎቹ ረግበዋል። ፍሰቱ አጥሩ ጋ አደረሳት። አፈሩን በእጇ ጫረችው። ክሮቹ እንደ ገመድ ተገምደው፣ መረቡ እንዳያልፍ በተቀበረው ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ሾልከዋል። እንደ ደም ሥር ትር ትር ይላሉ። ከአጥሩ ማዶ የመንደሩ ሰው ጓሮ ነው።

«ጡሞሮ! ቶሎ ና!»

ጡሞሮ ሮጦ መጥቶ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «አምልጧል» አለ።

«ምን ፈልጎ?»

«ምን ይፈልጋል? ሊበላ ነዋ! የእኛን መጦ ጨርሷል፤ አሁን የእነሱን ሊጀምር ነው።»

የመንደሩ ሰው የሚኖረው በዚያ እንሰት ነው። እሱ ከጠፋ እንደገና ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል።

መረቡን ሲሠሩ፣ ከእጃችን ያመለጠ እንደሆነ ብለው መርዝም አብረው አዘጋጅተው ነበር። ጡሞሮ ወደ መርዙ ጋን ሮጠ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ማዶ ሄደን እንይ» አለች ኤርጎጌ።

«ሄደን እስክንመለስ ቀጣዩ መንደር ቢደርስስ?»

ክሮቹ ዓይኗ እያየ ወፈሩባት። የጋኑን ቧንቧ የከፈተችው ራሷ ናት፤ መርዙ በክሮቹ ውስጥ ሰረገ። በዘንጉ ውስጥ የሚሰማው ፍሰት እየተቆራረጠ ሄደ፤ ከዚያ ጭጭ አለ።

መንደር ሲደርሱ ወይዘሮ ዳመቀች የተባሉ አሮጊት ጓሯቸው መሃል ቆመዋል። እንሰታቸው ሁሉ ተዝለፍልፏል።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምን ነካብኝ?» አሏት። «ክረምት ላይ አጠውልግ በሽታ ገብቶበት ነበር። ነቅለን ልንጥል ስንል በራሱ አገገመ። ዛሬ ጠዋት እንኳ ደህና ነበር።»

ኤርጎጌ ቢላዋ ለምና አንዱን ግንድ ሰነጠቀችው። ውስጡ በሽታው የተወው ቢጫ መግል ደርቋል። ዙሪያውን ነጫጭ ክሮች ቁስል እንደሚታሰር አድርገው ጠምጥመውታል፤ ሁሉም ሞተዋል።

«አልበላውም» አለች ለጡሞሮ። «ሳይሰማን በጥቂት በጥቂቱ የእኛን እያመጣ ያበላው ነበር።»

ጡሞሮ አንገቱን ደፋ። ሁለቱም አጥር ዘሎ የሚገባ ነገር ሊሰጥ ሊመጣ ይችላል ብለው ለአፍታ እንኳ አላሰቡም ነበር።

ኤርጎጌ ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው። አሮጊቷ ከሞቱት ክሮች አንዱን በጣታቸው ነኩ።

«ምን አድርጓችሁ ነው የገደላችሁት?»

«ፈርተነው ነው፣ እማማ።»

«ዘሩ አልቋል?»

«ቤተ ሙከራ ውስጥ ትንሽ ቀርቷል። እስኪስፋፋ ግን ጊዜ ይወስዳል።»

«እንግዲያው አምጡና ትከሉልን።»

«አይፈሩትም?» አለ ጡሞሮ።

ወይዘሮ ዳመቀች ቢላዋቸውን ከኤርጎጌ እጅ ተቀበሉ። «እኔ የምፈራው እናንተን ነው» አሉና፣ ሳይበሰብስ የሚተርፈውን ለማትረፍ ወደ ወደቀው እንሰት ጎንበስ አሉ። ኤርጎጌ ልታግዛቸው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ እስኪፈቅዱላት ቆማ ጠበቀች።