የኮከብና የመሰላል ትምህርት

ሐምሌ ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ከተማው መውረድ ከጀመረ ወዲህ፣ ይርዳው ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፈው ትርሲትን በመጠበቅ ነበር። ደሴ ውስጥ፣ ከአባቱ በወረሰው አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ፣ ብቻውን ይኖራል። ግላኮማ ዓይኑን ከወሰደበት ጊዜ ጀምሮ ከማስተማር ርቋል። ርዕሰ መምህሩ ግን፣ «የጂኦግራፊ ማስታወሻህንና ፈተናህን ራስህ አዘጋጅተህ ማተም ከቻልክ፣ መስከረም ላይ ክፍልህ ይጠብቅሃል» ብለውታል። ትርሲት የምትመጣው ይህንኑ ልታስተምረው ነው። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት፤ ኮምፒውተሩን ግን ከብዙ ዓይናማ ይልቅ ታውቀዋለች።

«ዓይናማዎቹ በማውስ እየጠቆሙ የሚያደርጉትን እኛ በምልክት እናዛለን» አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ። «መስመሩን መሰላል በምንላት የ# ምልክት ጀምረው አንድ ክፍተት ከሰጡ፣ ያ መስመር ርዕስ ይሆናል። ቃሉን በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ኮከብ ካደረጉለት ደምቆ ይታተማል። ሰረዝ ካስቀደሙ ዝርዝር ነው። ሌላው ያው ፊደል መጻፍ ነው፣ ጋሼ።»

ይርዳው ቁልፎቹን እየዳሰሰ መሰላሉን አስቀደመና «የአባይ ተፋሰስ» ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ በዚያ ሙቀት በሌለው የሴት ድምፁ፣ «ርዕስ፤ የአባይ ተፋሰስ» ሲል አነበበለት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እሱ የሠራው ነገር ሥርዓት ይዞ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበርና፣ ደጋግሞ እንዲያነብለት አደረገ።

በዚያው ቀን ትርሲት ደረጃውን ስትወጣ፣ ከበትሯ ኳኳታ ኋላ ሌላ እርምጃ ሰምቶ ነበር፤ ባዶ እግር የሚመስል፣ ቀስ ያለ፣ ጣውላው ላይ እየተጣበቀ የሚላቀቅ እርጥብ እርምጃ። መሪዋ ይሆናል ብሎ «ግቡ፣ ግቡ» አለና በሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር በእጁ አመለከተ። ወንበሩ ሲጥ አለ። የተቀመጠው ሰው አልተናገረም። ይርዳው ራሱ በሰው ክንድ ተደግፎ መንገድ ሲሻገር የሚያፍር ሰው ስለሆነ፣ ስለ መሪዋ መጠየቁ ነውር መሰለውና ተወው።

ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ወንበሩ ሲጥ ይላል። ክፍሉም ዝናብ የመታው ሱፍ ይሸታል፤ ከሱፉ ሽታ ሥር ደግሞ ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ ሲከፈት እንደሚወጣው ያለ የቆየ አፈር ሽታ ነበር። በዝናብ ውስጥ ይዟት መጥቶ ነው እያለ ያዝንለታል። ሻይ አፍልቶ አንዱን ብርጭቆ ከወንበሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ያኖርለታል፤ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሲዳስሰው ብርጭቆው ሙሉ ነው፣ ሻዩም ከቤቱ አየር ይልቅ የቀዘቀዘ ነው።

አንድ ቀን የሰንጠረዥ አሠራር እያስተማረችው ሳለ፣ ጣቱ የተሳሳተ ቁልፍ ላይ አረፈ። አንድ ቀዝቃዛ ጣት መጥቶ የእሱን ጣት ቀስ ብሎ ገፋና ትክክለኛው ቁልፍ ላይ አስቀመጠው።

«አመሰግናለሁ» አለ።

«ለምኑ?» አለች ትርሲት። ድምፅዋ የመጣው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከመስኮቱ በኩል ነበር።

ይርዳው ምናልባት ክንዷን ዘርግታ ይሆናል ብሎ ተወው። የዚያን ዕለት ግን፣ በትሯ ደረጃውን ወርዶ፣ የምትሳፈርበት ባጃጅ ተነሥቶ ድምፁ ከጠፋም በኋላ፣ በሩ አጠገብ የሚተነፍስ ነገር እንዳለ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ዝናቡ ነው አለ ለራሱ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ተነሥቶ ወንበሩን ለመዳሰስ ግን አልደፈረም፤ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ከፈተና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ትምህርት ቀን ሰማዩ ገና ከጠዋቱ ጀምሮ ያጉረመርም ነበር። ትርሲት መጣች፤ ወንበሩም ሲጥ አለ። ይርዳው በዚህ ጊዜ አልቻለም።

«ትርሲት፣ ይዞሽ የሚመጣውን ሰው ጠጋ በል በይው እንጂ። በሩ ጋ ብርድ ነው።»

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ።

«ማን ነው ይዞኝ የሚመጣው?»

«መሪሽ ነዋ።»

«ጋሼ፣ እኔ ብቻዬን ነው የምመጣው። ባጃጁ በር ላይ አውርዶኝ ይሄዳል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ እኮ ባለቤትዎ ናቸው ብዬ ነው። ሁልጊዜ ደረጃው ላይ ይቀበሉኛል። ከኋላዬ ነው የሚወጡት። አለመናገራቸውን ኩርፊያ አድርጌው...»

«ሚስት የለኝም» አለ ይርዳው። «ማንም የለኝም።»

በሩ አጠገብ ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ይህ ድምፅ ግን አንድ ሰው ሲቀመጥ የሚሰማው ሳይሆን ሲነሣ የሚሰማው ነበር።

«እንውጣ» አለች ትርሲት፣ በሹክሹክታ።

በዚያ ቅጽበት በረዶው ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ ቤቱ በድምፅ ተሞልቶ እርምጃም ትንፋሽም የማይለይበት ሆነ። ይርዳው እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ እጅ ያዘው። ቀዝቅዟል፤ የእሱም ቀዝቅዞ ነበር። ግድግዳውን በትከሻው እየታከከ፣ ከወንበሩ ርቆ፣ በሩን አልፎ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ጎትቶ አወረዳት። ከታች የግቢው ጭቃና የበረዶው ጠጠር እግሩን ሲነካው፣ የጎረቤት ልጆች በረንዳ ላይ ሲሳሳቁ ሲሰማ ቆመ።

«አይዞሽ» አላት። «ወጥተናል።»

እጇ እጁን ጠበቅ አድርጎ መለሰለት።

በረዶው እንደ አመጣጡ በድንገት ጋብ አለ፤ በጸጥታውም ውስጥ ከላይ፣ ከክፍሉ፣ ትርሲት ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እጄን ዘርግቼ እየጠበቅሁዎት እኮ ነው፤ የት ሄዱ?» ስትል ሰማት።