ፉሊን በቀትር የጠራት

እኔ በዛር፣ በቡዳ፣ በጂን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ደብረ ታቦር ያደግሁ ነኝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያዘኝ ለቀቀኝ እያለ ጠበል ለጠበል ሲሯሯጥ ከኋላ ቆሜ የምስቅ፣ እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ታገኘዋለች» እያለች ያሳደገችኝ። ዓረብ አገር ከመጣሁ ወዲህማ ጭራሽ፣ ሰው የሰውን ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ ለጥ ብሎ ሲተኛ አይቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሰይጣን መጣ ብትሉኝ ወረፋ ያዝ ነው የምለው።

አሁን ዱባይ፣ ካራማ ቤድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ማለት ነው፣ ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ አጸዳለሁ፣ ይህን ያየሁት ግን ከዚያ በፊት፣ ሻርጃ አንድ ቤት ውስጥ እያደርኩ በምሠራበት ጊዜ ነው። ከጎኔ አልጋ ለምትተኛው ለትዕግሥት ስነግራት «የሺዬ፣ ሙቀቱ ነው፣ በነሐሴ ማን ጤነኛ አለ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሺ፣ ሙቀት ይሁን። እናንተ ግን ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

እዚያ ቤት ሠራተኞቹ ሁለት ነበርን፣ እኔና ሞርጂና የምትባል የባንግላዴሽ ሴት። ከኩሽናው ጀርባ አንድ ጠባብ ክፍል ሰጥተውናል፣ አልጋው ላይና ታች ነው፣ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ታችኛውን ለእሷ ተውኩላት። የምንግባባው በኩሽና ዓረብኛ ነበር፣ ነገር ግን አትናቁት፣ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛ አገሯን አንድ በአንድ ነግራኝ ዛሬ ቱሪስት አምጡልኝና ላስጎበኝ ብል የማፍር አይመስለኝም።

ሱናምጋንጅ ይባላል አውራጃው፣ ከሕንድ ተራሮች ሥር ያለ ዝቅ ያለ አገር ነው፣ ግማሹን ዓመት መሬት፣ ግማሹን ዓመት ባሕር። ክረምት ሲገባ ከተራሮቹ የሚወርደው ውሃ ሜዳውን ሁሉ ይውጠዋል፣ ሃኦር ይሉታል፣ መንደሮቹ እንደ ጣና ደሴቶች ለየብቻቸው ይቀራሉ፣ ጎረቤት ለመጠየቅ ጀልባ፣ ለገበያ ጀልባ፣ ሙሽራም የምትሄደው በጀልባ ነው፣ ዛፎቹ ሳይቀሩ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ይከርማሉ፣ ደግሞ አይሞቱም። ውሃው ሲሸሽ ሩዝ ይዘራሉ፣ ሊታጨድ ትንሽ ሲቀረው ጎርፉ ቀድሞ ከመጣ ግድቡን ጥሶ የዓመት ቀለባቸውን ይዞት ይሄዳል። እንዲያ ባለው ዓመት ነው ሴቶቹ ኤጀንሲ ፍለጋ የሚወጡት፣ እሷም እንደዚያ ነው የመጣችው።

የሚገርማችሁ ይኸው ውሃ ለከተማ ሰው መዝናኛ ነው። ከዳካ እየመጡ ባለ ጣሪያ ጀልባ ይከራያሉ፣ ሙዚቃ ከፍተው ይጨፍራሉ፣ ከሩቅ ሰማያዊ ሆነው የሚታዩትን ተራሮች ፎቶ ያነሳሉ፣ በየካቲት ደግሞ ወንዝ ዳር ቀይ በቀይ የሚያብብ የዛፍ ጫካ አለ፣ እሱን ብለው ይጎርፋሉ፣ ወፉም ብርዱን ሸሽቶ ከየአገሩ ይመጣል። «ሩዛችን የሰመጠበት ላይ ነው የሚጨፍሩት» ትለኝና ትስቃለች ሞርጂና። እኔ አያስቀኝም ነበር። አሁን አሁን ዱባይ ክሪክ ሄጄ አብራ የሚሉት ማሻገሪያ ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ራሱን ፎቶ የሚያነሳ ቱሪስት ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ነጂው ነው፣ ብዙዎቹ የእሷ አገር ሰዎች ናቸው፣ ማን እንደሚያነሳቸው እንጃ።

አንድ ቀን ልብስ ስንተኩስ ስለ ስም ተነሳ። እነሱ ጋ ሰው የወረቀት ስምና የቤት ስም አለው፣ የቤቱን የሚጠራው ቤተሰብ ብቻ ነው። ሞርጂና የወረቀቱ ነው፣ አሠሪያችን ማዳም ደግሞ እሱም አልጥም ብሏት ኑር ብላታለች፣ እኔንም የሺን ትታ ሳራ እንዳለችኝ። እናቷ ፉሊ ነው የምትላት። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፣ እንዳልጠራትም ዋላሂ አስብላኛለች፣ እኔም ጠርቻት አላውቅም፣ እዚያ ቤት ያንን ስም ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሌላው ልማዳቸው ማዳምን የሚያሳብድ ነበር። እነሱ መንደር ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አይመልስም። አንድ የማይታይ ነገር አለ ይላሉ፣ በምታውቁት ሰው ድምፅ አስመስሎ ይጠራችኋል፣ ከመለሳችሁ ይዟችሁ ይሄዳል፣ ሦስተኛ መጥራት ግን አይሆንለትም፣ ስለዚህ ሦስተኛውን ይጠብቃሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ በሰው ቤት እንዲህ ያለ ልማድ ተይዞ ይኖራል? እኔ ማዳም ገና «ሳ» ስትል «ነዓም»፣ አቤት ብዬ ቆሜያለሁ፣ ሞርጂና ግን «ኑር» ዝም፣ «ኑር» ዝም፣ ከዚያ ማዳም ጉሮሮዋ እስኪላጥ ስትጮህ ረጋ ብላ ትወጣለች፣ ደንቆሮ ተብላ ትሰደባለች፣ በማግስቱም ያው ናት።

«ተይው ይህን ነገር፣ ሙሽኪላ ታመጪብናለሽ» አልኳት።

«አንቺ የዚያን ነገር ድምፅ ሰምተሽ አታውቂም» አለችኝ፣ በቃ።

ያን ክረምት የሞርጂና እናት ታመመች። ኦማን ሠርቶ የተመለሰ ሸፊክ የሚባል ወንድም አላት፣ ማዳም የሞርጂናን ስልክ ቆልፋ የምትሰጣት ዓርብ ዓርብ ብቻ ስለሆነ በእኔ ስልክ ነበር የሚያገኛት፣ በየጊዜው እየባሰባት እንደሆነ ይነግራታል። እናቲቱ ያላት ሴት ልጅ ሞርጂና ብቻ ናት፣ የለመነችውም አንድ ነገር ነው፣ ስሞት ፉሊ ትጠበኝ፣ የባዕድ እጅ አይንካኝ ብላለች። እነሱ ጋ ሴትን የሚያጥባት ሴት ናት፣ ልጅ እያለች ሌላ ማጠቡ ለእናትየው ሐዘን ነው፣ ሬሳ ደግሞ በክረምት አይጠብቅም፣ መሬቱ ሁሉ ውሃ ስለሆነ ትንሽዬዋ ጉብታ ላይ ቶሎ ካልቀበሩት መቀበሪያ የለም። ሞርጂና ማዳም እግር ሥር ቁጭ ብላ ለመነች፣ እኔ ሻይ ይዤ ገብቼ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ማዳም፣ እናቴ ልትሞት ነው። ላጥባትና ልመለስ።»

«የሁላችሁም እናት ልትሞት ነው» አለች ማዳም ከስልኳ ቀና ሳትል። «ትምህርት ቤት ይከፈት፣ ልጆቹ ይግቡ፣ ከዚያ እናያለን። ያላ፣ ሹግል፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ከሞርጂና ጋር ወጣን፣ አላለቀሰችም፣ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።

ከዚያ ነው ነገሩ የጀመረው። ቀትር ላይ ቤቱ ሁሉ ይተኛል፣ ማዳም ፎቅ ላይ፣ ልጆቹም፣ እኛ ብቻ ነን ታች የምንቀር። መጀመሪያ የሰማሁት ውሃ ነው፣ ከጓሮ በኩል ጨለጭ፣ ጨለጭ የሚል፣ ኤሲው የሚያንጠባጥበው ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ እንጨት ነገር ግድግዳውን ቀስ ብሎ ነካ ሲያደርግ ሰማሁ፣ እንደገናም ነካ፣ ወጥቼ አየሁ፣ እመኑኝ ምንም የለም፣ ደረቅ ሲሚንቶና የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ። ሽታው ግን ነበር፣ የጭቃና የዓሣ ሽታ፣ በዚያ እሳት በሆነ የሻርጃ ነሐሴ። የእኛ አገር ሰው ቀትር ላይ ጋኔን ይወጣል ሲል ስስቅ የኖርኩት ሴትዮ ልቤ መምታት ጀመረ፣ ይህን ስነግራችሁ አላፍርም። ሞርጂናን ሰማሽ ወይ ስላት «ጀልባ ነው» አለችኝና ሰሃኗን ማጠብ ቀጠለች።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን፣ ሁለታችንም ኩሽና ውስጥ ነን፣ እኔ ሩዝ እየለቀምኩ ነው፣ ከጓሮው በር ውጭ የሴት ድምፅ «ፉሊ» አለ።

የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ደካማ፣ የሚጎትት። እኔ ሰማሁት። ሕልም አልነበረም፣ ሩዙ እጄ ላይ ነበር። የጓሮው አጥር ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ነው፣ የውጭው በር ቁልፍ ማዳም ጋ ነው፣ ማንም ሊገባ አይችልም። ሞርጂናን አየኋት፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ሦስተኛውን ትጠብቃለች ብዬ ነበር፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ነው የኖረችው፣ ማዳም እየጮኸችባት እንኳ ያልተወችው ነገር ነው። እሷ ግን አንዴ ብቻ እንደተጠራች በራሷ ቋንቋ መለሰች፣ «መጣሁ እማ» እንደማለት ይመስለኛል፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሩን ከፍታ ወጣች። አውቃ ነው የመለሰችው። ይህን ማንም አያሳምነኝም፣ ምን እንደሆነ እያወቀች ነው።

ሩዙን አስቀምጬ በስመ አብ ብዬ ተከተልኳት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ ዓይኗ ተከፍቷል፣ አያየኝም። ሞርጂና አልኳት፣ ነቀነቅኳት፣ ምንም። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ተኝቷል፣ በጣቴ ነካሁት፣ ድፍርስ ነው፣ ቡናማ፣ ከእኛ ቧንቧ እንዲህ ያለ ውሃ ወርዶ አያውቅም። ፎቅ ወጥቼ ማዳምን ልቀስቅስ አልኩ፣ ምን ብዬ? ከጎኗ ቁጭ አልኩ፣ ፀሐይ እየጠበሰኝ፣ ክንዷን ይዤ።

ከሰዓት በኋላ የአስር አዛን ሲል ትንፋሽ ወስዳ ብድግ አለች። መዳፏ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት ተጨማዷል፣ ሬሳ ሲያጥቡ የሚጨምሩት ካፉር ይሸታል። ገብታ ምጣዱን እሳት ላይ ጣደች።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነች። «ኑር» ስትባል ወዲያው «ነዓም» ትላለች፣ ማዳምም ደስ አላት፣ በመጨረሻ ተገራች አለች ለእህቷ በስልክ። ስለ ሃኦሩ ሳነሳባት ባዶ ዓይን ታሳየኛለች። «እናትሽስ?» አልኳት አንድ ቀን። «ምን እናት?» አለችኝ። ክፋት የለውም አነጋገሯ፣ እንዲያው የማታውቀውን ነገር እንደጠየቅኳት ነው። በሌሊት ከበታቼ መተንፈሷን ለመስማት ጆሮዬን አቆም ነበር፣ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም።

ሲጨንቀኝ ዓርብ ከሰዓት ከኩሽናው ሳልወጣ ለሸፊክ ደወልኩ፣ እሷ ፊት ለፊቴ የማዳምን አባያ እየተኮሰች ነው። የእህትህ ጓደኛ ነኝ፣ ከሻርጃ፣ እናታችሁ እንዴት ናት አልኩት።

«ዐረፈች ኡኽቲ» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው። «አላህ ይማራት። ሁለት ሳምንት አለፋት።»

ነፍስ ይማር ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ግን አልሐምዱሊላህ፣ እህቴ ደረሰችላት። ቀትር ላይ በጀልባ መጣች፣ ሳትነግረን። በእጇ አጥባ ገነዘቻት፣ እናታችን በልቧ የነበረው ሆነላት።»

«አሁን የት ናት?» አልኩት።

«እዚሁ ናት፣ ዓሣ እያጸዳች። ልጥራልሽ» አለና አይ ሳልለው «ፉሊ» ብሎ ተጣራ። ከሩቅ፣ ከውሃ ማዶ እንደሚመጣ፣ ሴት መለሰችለት፣ ስቃ። ሳቋን አውቀዋለሁ፣ ሩዛችን የሰመጠበት ላይ ይጨፍራሉ እያለች የምትስቀው ነው። ፊት ለፊቴ ያለችው ቀና አላለችም፣ እጅጌውን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

«እጇ ዓሣ ነው፣ ቆይታ ትደውልልሻለች» አለ ሸፊክ። «ኡኽቲ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ማዳማችሁን አመስግኝልን። ሰው ናት፣ በሰዓቱ ለቀቀችልን፣ እዚህ ሁላችንም እየጸለይንላት ነው በያት።»

እሺ አልኩት። ያን ቤት ለቅቄ ወጣሁ፣ እሷ እስካሁን እዚያው ናት ይሉኛል፣ ፈጣን ሠራተኛ ሆናለች አሉ። ምስጋናውን ግን ለማዳም አላደረስኩም።