የአቶ ኃይለኪሮስ ሬዲዮና አርባኛው ቀን

ቤዛዊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ከመርዘሙ የተነሣ፣ ከታች ሕፃን ሆኖ የጀመረ ሰው እላይ ሲደርስ ጢም ያበቅላል።

አያቷ አቶ ኃይለኪሮስ ገርጂ ይኖሩ ነበር። አንድ አሮጌ ሬዲዮ ነበራቸው። ኖኅ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ የሰማው በእሱ ሳይሆን አይቀርም። ጎኑን በጥፊ ካልመቱት አይናገርም፤ የጥፊውን ቦታ የሚያውቁት ደግሞ እትዬ ሰኪና ብቻ ናቸው። እትዬ ሰኪና ከወሎ መጥተው፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል እየኖሩ፣ አያቷን አሥራ አንድ ዓመት ያስታመሙ ሴት ናቸው።

አያቷ ዐረፉ። ፍርድ ቤት አጎቷን ጋሼ ተስፋማርያምን ውርስ አጣሪ አደረጋቸው። ውርስ አጣሪ ማለት፣ ልጆች፣ ሟች የተዉትን ሁሉ የሚመዘግብ፣ ኑዛዜ ካለም የሚያፈላልግ ሰው ነው። መዝገቡ የሚዘጋበት ቀጠሮ አርባኛው ቀን ነበር። ጋሼ ተስፋማርያም ማንኪያ ቆጠሩ፣ ሹካ ቆጠሩ፤ ድመቷ እንኳ እንዳትመዘገብ ጣሪያ ላይ ወጣች።

ቤዛዊት ሬዲዮው ከተመዘገበ ይሸጣል ብላ ፈራች። በቦርሳዋ ከታ አራብሳ ወሰደችው።

ሬዲዮው ተፈልጎ ጠፋ። ማንም ሌባ የሚል ቃል አልተናገረም፤ ግን ሁሉም ዞሮ እትዬ ሰኪናን አየ። ቤዛዊትም ይህን አይታ ዝም አለች። እናንተ እንዲህ አታደርጉም፣ አይደል? ከኋላ የሚስቀው ልጅ ምን ሆነ?

የባሰው ነገር፣ እትዬ ሰኪና ክፍላቸውን ሊለቁ ነው። አያቷ ክፍሏን ለእሳቸው እንደሚተዉላቸው ቃል ገብተው ነበር፤ ወረቀት ግን አልተገኘም።

«ወራሾቹ ስድስት ነን» አሉ ጋሼ ተስፋማርያም። «ያለ ወረቀት እኔ ብቻዬን የምሰጠው ክፍል የለም። አርባው ሲደርስ መዝገቡን እዘጋለሁ።»

አራብሳ ላይ ቤዛዊት ሬዲዮውን አንድ ሺህ ጥፊ አቀመሰችው። ወይ ፍንክች። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ይሆናል ብላ ከኋላው ከፈተችው። ከድንጋዩ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። በአያቷ የእጅ ጽሑፍ «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ይላል።

ብታወጣው ዕቃውን የወሰደችው እሷ መሆኗ ይታወቃል። ባታወጣው እትዬ ሰኪና ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። «መልሰሽ ክደኚው፣ ማን አየሽ?» አላት አንዱ ልቧ። ያ ልብ እናንተም ጋ አለ፤ እኔ ጋማ ሁለት ነው ያለው።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር ታክሲ ተሳፍረው ወደ ገርጂ ሄዱ። ቦርሳዋ ከመክበዱ የተነሣ ታክሲው ወደ እሷ በኩል ያዘመመ መሰላት። ሲደርሱ አራት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። ጋሼ ተስፋማርያም ኑዛዜ አልተገኘም ብለው ሊፈርሙ እስክሪብቶ አንሥተዋል።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ» አለች ቤዛዊት። «ሬዲዮውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሰኪና አይደሉም።»

ሬዲዮውንና ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ወረቀቱን አንደኛው ሽማግሌ፣ አቶ ሀብቶም፣ ተቀበሉ። ቀኑን አዩ፣ ፊርማውን አዩ፣ መነጽራቸውን ሁለቴ ወልውለው አነበቡ። ክፍሏ እትዬ ሰኪና በሕይወት እስካሉ ድረስ መኖሪያቸው ትሁን ይላል። ሬዲዮውም የእሳቸው ይሁን፤ «ጥፊውን የምታውቀው እሷ ናትና።»

ቤዛዊት እትዬ ሰኪና እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች።

«እኔስ ሰፈሩን ሁሉ ሳስስ ከረምኩ» አሉ እትዬ ሰኪና ቀና እያደረጓት። ከዚያ ፈገግ አሉ። «አንቺ ስትመቺው ተናገረ?»

«አንድ ሺህ ጊዜ መታሁት።»

«ቦታውን ስለማታውቂው ነው፣ የኔ ልጅ። ነይ።»

አዲስ ድንጋይ ተገዛ። እጇን ይዘው ከማዞሪያው በታች፣ በግራ በኩል አስቀመጡላት። ቤዛዊት መታች። ሬዲዮው አርባ ቀን ያፈነውን ሁሉ ባንዴ ለቀቀው። ሽማግሎቹ ከወንበራቸው ዘለሉ፣ ድመቷ ከጣሪያ ወረደች፤ እልልታው ቦሌ ሊያርፍ የነበረውን አውሮፕላን ሁለት ዙር አዞረው። ጋሼ ተስፋማርያም በመዝገቡ ላይ የመጨረሻዋን መስመር ጻፉ፦ «ሬዲዮ፣ አንድ። ይናገራል።»

ልጆቼ፣ ሟች የተዉትን መደበቅ የሕያዋንን ቤት ያፈርሳልና፣ ያጠፋችሁትን ቀኑ ሳያልፍ ተናገሩ።