ከሐይቁ ሥር ያሉት

«አቦ፣ ታሪኩን እንዝለለው» አለች ኤብላ፣ የማህደርን ስልክ ፍራሹ ላይ ጣል አድርጋ።

«እንዴት ይዘለላል? ቲቸር ሳቢር ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ መስህብ ነው ያለን።»

«በረዶውን ካዩ ማን ታሪክ ይጠይቃል?»

መምህራቸው ከውጭ አገር አንድ የገጠር ወረዳ መርጣችሁ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ አቅርቡ ብሏል። ማህደር የደቡብ ኮሪያዋን ሁዋቾንን የመረጠችው አያቷ አባባ ተክለማርያም በወጣትነታቸው እዚያ ስለዘመቱ ነው። ወረዳዋ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ትዋሰናለች፤ አብዛኛው መሬቷ ተራራና ውኃ ነው። ብርዱ ሲጠና ወንዙ ይጋገራል፤ ሕዝቡም በላዩ ቆሞ በረዶውን እየበሳ ዓሣ ያጠምዳል። ከጅጅጋ አቧራ ርቃ የማታውቀው ኤብላ ይህን ስታይ በሳቅ ሞታ ነበር። ሳቋ የቆመው ፓሮ ስለሚባለው ሐይቅ ሲያነቡ ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በዳርቻው ብዙ ሺህ የቻይና ወታደሮች አልቀው የብዙዎቹ ሬሳ ውኃው ውስጥ ቀርቷል፤ የሐይቁም ስም የወጣው ለዚያ ድል መታሰቢያ ነው።

«እውነቱን ንገሪኝ። ለምን ይዘለል አልሽ?» አለች ማህደር።

ኤብላ ሻሿን አስተካከለች። «ስለ ሬሳ ስታወሪ ክላሱ የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው። ሶማሌ ስለሆንኩ። ወላሂ አውቃቸዋለሁ።»

ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ፣ ዱላና ቤንዚን የያዙ የሶማሌ ወጣቶች ጅጅጋን ባመሱበት ቅዳሜ፣ የማህደር አባት አምሀ በሱቁ ደጃፍ ላይ ተደብድቦ ሞተ። የኤብላ ቤተሰብ በነገሩ እጁ የለበትም፤ እንዲያውም ማህደርንና እናቷን ቤታቸው ደብቀው ያተረፏቸው እነሱ ናቸው። ያም ሆኖ ስለዚያ ቀን ትምህርት ቤት ትንፍሽ የሚል አልነበረም። ቤትም ውስጥ የአምሀ ስም ከተጠራ እናቷ ተነስታ ትወጣለች።

«እስቲ ያንን ነገር አምጪልኝ» የሚል ድምፅ ከጥጉ አልጋ ተሰማ።

የተኙ መስሏቸው ነበር እንጂ አባባ ተክለማርያም ነቅተዋል። ልጃቸውን አምሀን ከቀበሩ ወዲህ ስለ ዘመቻ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ማህደር ስልኩን ወስዳ ፊታቸው ላይ ያዘችላቸው። በበረዶው ላይ የሚንሸራተቱትን ሕፃናት አዩና ወደሚቀጥለው ምስል፣ ወደ ሐይቁ አለፉ።

«ይሄን ውኃ አውቀዋለሁ» አሉ። «እኛ ስንደርስ ውጊያው አልፎ ነበር። ሽታው ግን አላለፈም። ጠምቶን እያየነው አንጠጣም። አንድ ጓደኛዬ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ብሎ... ጮኾ ሮጠ።» ስልኩን ገፋ አደረጉት። «እነዚያ የቻይና ልጆችም እናት ነበራቸው። ማን እንደሆኑ የጻፈ አለ?»

«ድሉን ነው የጻፉት፣ አባባ።»

«ድሉንማ ይጽፋሉ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሁለቱም አዩ። ኤብላ ነጠላቸውን አንስታ ደረበችላቸውና ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። በር ላይ «እንዝለለው፣ እሺ?» ስትላት ማህደር «እሺ» አለች።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሙ። ኤብላ ተራራውንና ወንዙን አስረዳች፤ ማህደር ከጦር ሜዳ በተለቀመ ቀለሃ ስለተሠራው ትልቅ ደወል ተናገረች። ዓሣ አጥማጆቹን ሲያዩ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለ።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ ቲቸር ሳቢር። «ታሪኩስ?»

ኤብላ መሬት መሬት አየች። ማህደር «ታሪክ የለውም» ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የአያቷ ትከሻ ታወሳት።

«አያቴ እዚያ ነበሩ» አለች። ሐይቁን ነገረቻቸው። የማይጠጣውን ውኃ፣ ማንም ስማቸውን ያልጻፈላቸውን ወጣቶች ነገረቻቸው። ሳቁ ጠፋ። ከኋላ ወንበር ጆሲ የሚባለው ልጅ «የኛንም ከተማ ጨምሪበት እንጂ!» አለ፤ ይህን ሲል ዓይኑ ኤብላ ላይ ነበር። ሌሎቹም ዞሩ። ልክ ኤብላ እንዳለችው ሆነ። በክፍሉ ያሉት ጥቂት የሶማሌ ልጆች አንገታቸውን ደፉ።

ቲቸር ሳቢር ፊቱ ተለዋወጠ። «በቃ፣ ይበቃል፤ ቀጣዮቹ ይምጡ» አለ ተቻኩሎ። ኤብላ እንባዋ ሳይቀድማት ወደ በሩ መንገድ ጀመረች።

ማህደር ክንዷን ያዘቻት። ኤብላን ከጀርባዋ አድርጋ ክፍሉ ፊት ቆመች።

«እሷን ምን ታዩአታላችሁ? የማወራው እኔ ነኝ። ያን ቀን ያዳኑን የእሷ እናትና አባት ናቸው።»

መምህሩ አንድ ነገር ሊል እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው።

ማህደር ከዚያ ቀን ወዲህ የአባቷን ስም ጮክ ብላ ጠርታ አታውቅም።

«አባቴ አምሀ ይባል ነበር» ብላ ጀመረች። «ፍራሽ ይሸጥ ነበር።»