የግንዱ ሁለት ጫፍ

እንጨቱ ያልበው እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወደ ታና ቤሩ፣ ወደ መርከብ ሠሪዎቹ የባሕር ዳር መንደር፣ የሄድኩት ፍቅር ፍለጋ አልነበረም። በሥራ አመራር ከማካሳር ዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በዓመቱ፣ መርከብ ያዘዘ አንድ ነጋዴ ለመሥሪያው ዕቅድ እንዳወጣ ላከኝ። መርከቧ ከምዕራቡ ነፋስ በፊት ካልደረሰች ትዕዛዙን ይሰርዛል፤ ትዕዛዙ ከተሰረዘ ደግሞ መሥሪያው ይዘጋል።

የመሥሪያው አለቃ ዳኢንግ ፓሳው ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ዕቅድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሳጥን ምንድን ነው?»

«እያንዳንዱ ሥራ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ነው፣ ዳኢንግ።»

«እንጨቱ አይቶታል?»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ያልሳቀው ልጃቸው ሳንካላ ብቻ ነበር። ዓይኑን ከዕቅዱ ወደ እኔ መለሰ፤ እዚያው ቆየ።

ለመርከቧ አከርካሪ የሚሆነው ግንድ በዝናብ ምክንያት ከጫካ ዘግይቶ ሲደርስ ዕቅዴ ገና ከጅምሩ ፈረሰ። ዳኢንግ ደግሞ መልካም ቀን እስኪገኝ መጋዝ አይነሳም አሉ። እኔና እሳቸው ተኮራርፈን ሳለ ሳንካላ መጥቶ መሐላችን ተቀመጠ።

«አባባ፣ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለውጥም የሚሉት የትኛውን ነው?»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። «የግንዱን ቆረጣ። የመጀመሪያውን ሳንቃ። መርከቧ ባሕር ስትገባ የሚደረገውን ዱዓ።»

«እነዚህን ማንም አይነካቸውም። የቀረውን ግን በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ተቀምጠን፣ እንጨቱንም ሰማዩንም አይተን እንለዋውጠዋለን።» ወደ እኔ ዞረ። «የከተማዋ እመቤት፣ አንቺም እርሳስሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። እስክሪብቶ ክልክል ነው!»

ዳኢንግም እኔም ሳቅን፤ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ግንዱ የሚቆረጥበት ቀን ደረሰ። በልማዱ የፊተኛው ጫፍ ባሕር ይጣላል፤ ወጥቶ እንጀራ የሚፈልገው ባል እሱ ነው። የኋለኛው ቤት ይቀመጣል፤ የምትጠብቀው ሚስት እሷ ናት። ሳንካላ መጋዙን ሳያሳርፍ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጦ የፊተኛውን ወረወረው። ነፋስ አልነበረም። እንጨቱ ግን ከታች የሚጎትተው ያለ ይመስል ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቁ ሄደ።

የኋለኛውን የምትቀበለው የአለቃው ሚስት፣ የሳንካላ እናት፣ ነበረች፤ እናቱ ግን በሕይወት የለችም። ሳንካላ እንጨቱን እኔ እጅ ላይ አኖረው።

«ይሄ በዕቅዱ ውስጥ የለም» አልኩት ቀስ ብዬ።

«እርሳስሽ የታለ?»

መርከቧ ከነፋሱ በፊት ተንሳፈፈች። እኛም ተጋባን።

ሳንካላ የሠራናቸውን መርከቦች ለገዢዎቻቸው ያደርስ ነበር። እሱ ባሕር ላይ ሲሆን ከአልጋችን በላይ ያኖርኩት እንጨት ያልበዋል። ቀምሼዋለሁ፤ ጨው ነው። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እጠርገዋለሁ። እሱ ቤት ሲገባ ይደርቃል።

አንድ ማለዳ፣ እሱ ገና ሳይመለስ፣ ደርቆ አገኘሁት። ጨርቁን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የያዛት መርከብ ከነሰዎቿ የመጥፋቷ ወሬ የደረሰን ከዚያ በኋላ ነው።

ዳኢንግ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ መሥሪያው በእኔ እጅ ገባ። የጁምዓውን ስብሰባ አላስቀረሁም። የሳንካላ ቦታ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም፤ ማንም አትቀመጡ ብሎ አላዘዘም።

አዲስ ግንድ በመጣበት ጁምዓ ዳኢንግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የፊተኛውን ጫፍ አንጣለው። ሁለቱም ቤት ይቀመጡ።»

ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ዳኢንግ፣ ይሄ ከማይነኩት ነው» አልኳቸው።

«አይነካም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔው አነሳሁት። ባሕሩ የወሰደብን አይበቃም? ሁሉን ልቀይር ብለሽ የመጣሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ሁሉም እኔን ይጠብቃል። እሺ ብል ማንም አይቃወመኝም፤ ዳግመኛም ወደዚያ ባሕር የሚጣል ነገር አይኖርም። የሳንካላን ባዶ ቦታ አየሁ።

«መንገዱን ከዘጋንበት» አልኩ፣ «በየት ይመለሳል?»

ስለ እሱ በሰው ፊት የተናገርኩት ያን ብቻ ነው። ዳኢንግ ዓይኔን ሸሹ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እርሳሴን ወሰዱና ከጆሮዬ ጀርባ ሰኩት፤ ልጃቸው ያደርግ እንደነበረው።

ግንዱ ተቆረጠ። የፊተኛው ጫፍ ያለ ነፋስ ወደ ጥልቁ ሄደ።

ቤት ገብቼ ከአልጋው በላይ ያለውን የኛን እንጨት ነካሁት።

ረጥቧል።

ጨርቁን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ሄጄም በሩን ከፈትኩ።